አሥራ አራት ቀን፦ የጨጓራ መድኃኒት ታሪክ ከዲማ ሲታይ

ዲማን አብዛኛው አንባቢ በእግሩ ሄዶ ሳይሆን በመጽሐፍ ነው የሚያውቃት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻንና ሰብለ ወንጌልን ያኖራቸው እዚያ ነው። ከልቦለዱ ውጭ ያለችው ዲማ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙ ሳትርቅ የምትገኝ የደብርና የጉባኤ አገር ናት። ዲማ ጊዮርጊስን የመሠረቱት አቡነ ተከስተ ብርሃን እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ቅኔና ትርጓሜ ፍለጋ ከሩቅ የሚመጣ ተማሪም ደጁን ሲረግጥ ኖሯል። ሐዲስ ራሳቸው በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው የተማሪውን ቅኔ ሳይሆን የተማሪውን ሆድ ነው።

የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ቁራሽ በአኩፋዳው ይሰበስባል፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አድርቆ ሌላ ቀን በውኃ አርሶ ይበላዋል። ጧት ባዶ ሆድ ነው፤ ከሰዓት ቆሎ፤ ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከተገኘ እሰየው። ዓመቱ ደግሞ ግማሹ ጾም ነው፤ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህኑና መነኩሴው እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። እንዲህ የሚኖር ሰው ከደረቱ በታች ሲያቃጥለው፣ ቃር ሲያንገበግበው፣ ሌሊት ሆዱን ሲሰረስረው ምክንያቱን ሩቅ ሄዶ አይፈልግም። ረኀቡ ነው፣ በርበሬው ነው፣ ብርዱ ነው ይላል። ካልሆነም ሐሳብ ነው። የሚያናድድ ሰው ሲያጋጥመን «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን፤ ቋንቋው ራሱ ብስጭት ጨጓራን እንደሚያቆስል አምኖ የተቀመጠ ነው። ይህ እምነት የኛ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም እስከ ትናንት ድረስ ከዚሁ ብዙ አልራቁም ነበር።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒቱን ከቤት እንጀምር። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ልሐጩ የተቆጣውን ጨጓራ ያለዝባል ይባላል፣ የጠጣም ሰው ይመሰክራል። ፌጦ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አለ። ደብተራውም የራሱ መጽሐፈ መድኃኒት አለው፤ የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እነዚህን የብራና ሐኪሞች ሰብስቦ፣ ተርጉሞ በ1968 ዋርሶ ላይ አሳትሟቸዋል። በዚህ ሁሉ የሚስቁ አሉ፤ እኔ አልስቅም። ሆኖም ነጭ ሽንኩርቱ ተፈትኗል። በ1999 ሂውስተን ውስጥ ዴቪድ ግራሃምና ባልደረቦቹ ለጥቂት ሰዎች ነጭ ሽንኩርትና የሚያቃጥል ቃሪያ ከምግብ ጋር አብልተው በጨጓራቸው የሚኖረውን፣ ኋላ የምንተዋወቀውን ባክቴሪያ ለኩ። በብልቃጥ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የሚገድለው ያ ባክቴሪያ በሰው ሆድ ውስጥ ከነጭራሹ አልተነቃነቀም። በዚያው ፈተና ላይ የተሰጠው ቢስመዝ የተባለ መድኃኒት ግን አዳክሞታል። ቢስመዝን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምዕራባውያኑ በበኩላቸው ጠላቱ አሲድ ነው ብለው ተነሡ። በ1915 በርትራም ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ሕሙማኑን በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ያስጠጣ ጀመር። ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ አሲዱን የሚያመነጨውን የጨጓራ ክፍል፣ በኋላም አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘውን ነርቭ ይቆርጡ ነበር። በ1976 ሲሜቲዲን ወጣ፤ የአሲድን ምንጭ በእንክብል የሚዘጋ የመጀመሪያው ትልቅ መድኃኒት ነው። ቁስሉ ይሽራል፤ እንክብሉ ሲቆም ይመለሳል፤ ሰውየው እንደገና ይገዛል። ለአምራቹ ከዚህ የተሻለ ሸቀጥ አይገኝም፤ ሲሜቲዲን በዓመት ከቢሊዮን ዶላር በላይ በመሸጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው ይባላል። ከፈጠሩት ሳይንቲስቶች ዋናው ጄምስ ብላክ በ1988 ኖቤል ተሸለመ። በዚያው ዓመት ከስዊድን የመጣው ኦሜፕራዞል አሲዱን ከሲሜቲዲን በበለጠ ዘጋው። ዛሬ በየፋርማሲው «ኦሜ» የምንለው እሱ ነው።

አንድ ግሪካዊ ሐኪም ግን ሌላ ነገር አይቶ ነበር። በሚሶሎንጊ ከተማ ይሠራ የነበረው ዮሐኒስ ሊኩዲስ በ1958 የራሱን የሆድ ሕመም በአንቲባዮቲክ ሲያክም የቆየው ቁስሉ አብሮ ሻረለት። ከዚያ ሌሎችንም ያክም ጀመር፤ ሕሙማኑ ተሰለፉ። መጽሔት አላሳተመለትም፣ የመድኃኒት ኩባንያም አልሰማውም። በ1968 የሐኪሞች የዲሲፕሊን ጉባኤ 4,000 ድራክማ ቀጣው። ያወቀውን ዓለም ሳያውቅለት በ1980 ሞተ።

ከእርሱ ሞት ሁለት ዓመት በኋላ በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ነገሩ በአጋጣሚ ተገለጠ። ሮቢን ዋረን የተባለ የሥነ ደዌ ሐኪም ከ1979 ጀምሮ ከሕሙማን ጨጓራ በተቆረጡ ናሙናዎች ላይ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ያይ ነበር፤ ሌላው ሐኪም ሁሉ አሲድ ባለበት ባክቴሪያ አይኖርም ብሎ ያምናል። ወጣቱ ባሪ ማርሻል ከእርሱ ጋር ሆኖ ባክቴሪያውን ለማሳደግ ሞከረ። የላቦራቶሪው ልማድ ሳህኖቹን በሁለት ቀን መጣል ነበር፤ ምንም አይበቅልም። በሚያዝያ 1982 ግን ፋሲካ መጣና ሳህኖቹ ለአምስት ቀን ተረሱ። ሲመለሱ በቅሏል። በኛ የቀን አቆጣጠር ያ የነርሱ ፋሲካ የኛ ሆሳዕና ነበር፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.። ዲማ ላይ ዘንባባ ሲታደል፣ ዘንባባ የሚያስሩት ሰዎች ሆድ ውስጥ ያለው ፍጥረት ፐርዝ ላይ መልኩን እያሳየ ነበር።

ማርሻልን የሚያምነው ቢጠፋ በ1984 የባክቴሪያውን ውኃ በብርጭቆ ጠጣው። በጥቂት ቀን ውስጥ ያቅለሸልሸው፣ ያስመልሰው ጀመር፤ አፉም ሸተተ። በአሥረኛው ቀን በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቷል፤ ባክቴሪያውም ተገኝቷል። ሚስቱ መከራውን ስታይ መድኃኒት እንዲወስድ አደረገች፤ ማርሻልና ዋረንም በ2005 ኖቤል አብረው ተሸለሙ። ባክቴሪያው ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ ከ1989 ወዲህ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ሆኗል፤ እኛ «የጨጓራ ባክቴሪያ» እንላለን፣ ያሳጠረው ደግሞ «ኤች ፓይሎሪ»።

ስለ መጠጣቱ ብዙ ተወርቷል። መድኃኒቶችን ማነጻጸር ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳኝ ግን ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1988 ላንሴት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። 100 ሕሙማንን ከፋፍለው ለከፊሉ ሲሜቲዲን፣ ለከፊሉ ቢስመዝ፣ ከነዚህም ለአንዳንዱ አንቲባዮቲክ ቲኒዳዞልን ጨምረው ሰጡ። ባክቴሪያው ከጠፋላቸው ሰዎች ከመቶ 92ቱ ቁስላቸው ሻረ፤ ካልጠፋላቸው 61ዱ ብቻ። ልዩነቱ የጎላው ዓመት ቆይቶ ሲታይ ነው፦ ባክቴሪያው ከጠፋላቸው ከመቶ 21ዱ ሲመለስባቸው፣ ካልጠፋላቸው 84ቱ ተመለሰባቸው። አሲድ መዝጋት ቁስሉን ያስታግሳል፤ ባክቴሪያውን ማጥፋት ግን ይፈውሳል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው በየትኛው መድኃኒት የሚለው ሆነ። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ባክቴሪያው በልሐጭ ሽፋን ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፣ አሲዱም መድኃኒቱን ያደክመዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲድኒ ላይ ቶማስ ቦሮዲ ቢስመዝን፣ ሜትሮኒዳዞልንና ቴትራሳይክሊንን አጣምሮ ሰጠ። ሠራ፤ ግን የእንክብሉ ቁጥር የሚያሰለች ነበር። በ1990ዎቹ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ቀለል ያለ ሦስትነት መጣና ዓለምን ወረሰ። በዚያን ጊዜ ከመቶ 90 የሚሆነውን ያድን ነበር። ከዚያ በየአገሩ ይወርድ ጀመር፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። ክላሪትሮማይሲን ለሳል፣ ለጉሮሮ፣ ለጆሮ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ሰው ሳያስበው ባክቴሪያውን አብሮ ያስተምረዋል። በ2011 ላንሴት ላይ የወጣ የአውሮፓ ጥናት ለ7 ቀን የተሰጠውን ይህን ሦስትነት፣ ለ10 ቀን ከተሰጠው የቢስመዝ አራትነት (የቦሮዲ ሦስቱ መድኃኒቶችና ኦሜፕራዞል) ጋር አነጻጽሮ ነበር፦ ከመቶ 55 በ80። እርግጥ ቀኑ እኩል ስላልሆነ ንጽጽሩ ትንሽ ወደ አራትነቱ ያደላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋመውን የጨጓራ ባክቴሪያ አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ጻፈው። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2022፣ የአሜሪካዎቹ በ2024 በሰጡት ምክር የባክቴሪያው ጠባይ ሳይታወቅ መጀመሪያ የሚሰጠው የቢስመዝ አራትነት ይሁን፤ ለ14 ቀን አሉ። ጃፓን ደግሞ አሲዱን ከኦሜፕራዞል በበለጠ የሚይዝ ቮኖፕራዛን የተባለ መድኃኒት በ2014 አጽድቃለች። 

በኢትዮጵያ ባክቴሪያው በሕሙማን ላይ ከተጠናባቸው የመጀመሪያ ዘመናት አንዱ 1990ዎቹ ነው፤ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በ1996 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ስለ ባክቴሪያው፣ ስለ ጨጓራ መቆጣትና ቁስል ስለ ሌለው የሆድ ሕመም ጽፈዋል። በዚያ ዘመን አካባቢ ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ሕፃናት ተጠንተው፣ ኢንፌክሽኑ የሚጀምረው በጣም በልጅነት እንደ ሆነ ታየ። በጎንደር ሆስፒታል በ2006 የወጣ ጥናት ከ215 ሕሙማን መካከል ከመቶ 85 በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ የባክቴሪያውን ምልክት አገኘ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ2019 ከመላ አገሪቱ 37 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያስሉ አማካዩ 52.2 ከመቶ ሆነ፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥርም እየቀነሰ የመጣ መሰለ። ከሁለት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ አብዛኛውም ምንም አያመውም።

እዚህ ላይ ጉርሻን የሚከስሱ አሉ። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው በቤተሰብ ውስጥ፣ በአፍም በተበከለ ውኃም እንደሚተላለፍ ይታሰባል፤ መጨናነቅና የንጹሕ ውኃ እጦትም ይረዳዋል። ግን ይህ ፍጥረት ከጉርሻ ይቀድማል። በ2007 የወጣ የዘር ጥናት እንደሚያሳየው የሰው ልጅ ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጣ፣ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ባክቴሪያውን በሆዱ ይዞ ወጥቷል። በአልፕስ በረዶ ውስጥ 5,300 ዓመት የቆየው ሰው ጨጓራ ውስጥም ተገኝቷል። የዓለም የካንሰር ጥናት ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው ይኸው ነው፤ በቻይና ሻንዶንግ ለሁለት ሳምንት የተሰጠ መድኃኒት ከ22 ዓመት በኋላ የጨጓራ ካንሰርን በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ባክቴሪያው እንደ ልቡ በሚኖርበት በአፍሪካ ግን ካንሰሩ የተጠበቀውን ያህል አይታይም፤ ከ1992 ጀምሮ ሳይንቲስቶች እንቆቅልሽ ብለው ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። የምዕራቡን ምክር እንዳለ ቀድቶ ዲማ ላይ ማዘዝ ቀላል ይመስላል፤ ግን በአራትነቱ ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ሜትሮኒዳዞል የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ነው። ሆዱን የቆረጠው የኛ ሰው ሳይመረመር «ሜትሮ» ይውጣል፤ ልጅ ሲያስቀምጠው ይሰጠዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሰዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ከሕሙማን ጨጓራ የተወሰደው ባክቴሪያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በላቦራቶሪ ሲፈተን አብዛኛው ሜትሮኒዳዞልን የሚቋቋም መሆኑ አያስገርምም። ቴትራሳይክሊንም ያለ ቦታው ሲባክን የኖረ ነው፤ እንክብሉ ተፈትቶ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ያላየ ማን አለ? ቢስመዙ ደግሞ በየወረዳው ከተማ መደርደሪያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በሌላ አገር መጀመሪያ የሚታዘዘው አራትነት በኛ አገር አንዱ እግሩ የተዳከመ፣ ሌላው የሚያጠራጥር፣ ሦስተኛውም የጠፋ ሆኖ ይደርሳል።

ክላሪትሮማይሲን በተቃራኒው ዘግይቶ ገባ፣ ዋጋውም ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ድህነት ጠበቀው ማለት ይቻላል። በባሕር ዳር ከተማ ሕሙማን ተከትሎ በ2019 የታተመ ጥናት በኦሜፕራዞል፣ በአሞክሳሲሊንና በክላሪትሮማይሲን የታከሙት ከመቶ 90 ያህሉ እንደ ጠፋላቸው አሳይቷል። አውሮፓ የተወው መድኃኒት ባሕር ዳር ላይ ገና በጉልበቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የትኛው መድኃኒት ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልሱ በእንክብሉ ውስጥ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ከዚያ በፊት ምን ሲውጥ ኖሯል በሚለው ውስጥ ነው።

ግን ይህ ጉልበት ለዘላለም አይቆይም፤ ጎጃም ላይ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። የአማራ ክልል ትራኮማ በብርቱ ከጎዳቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማእከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ፣ ፋይዘር በነጻ በሚሰጠው አዚትሮማይሲን፣ ሕዝቡን በየዓመቱ ሲያክም ኖሯል፤ ከ2008 ጀምሮም ከወባ ዘመቻ ጋር ተጣምሮ ነበር። ብዙ ዓይን ድኗል፤ ይህን የሚያጣጥል ሰው ትራኮማ አላየም። ሆኖም አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱን የለመደ ባክቴሪያ ሌላውን ይንቃል። «አዚትሮ» በአሁኑ ጊዜ ለማንኛውም ሳል ያለ ማዘዣ መሸጡ ሲጨመርበት፣ ጎጃም ላይ መድኃኒት የሚያነጻጽር ባለሙያ መጀመሪያ መቁጠር ያለበት ይህን ይመስለኛል። ለዚያ ደግሞ ባክቴሪያውን የሚያበቅል ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ እንደ ፐርዝ፣ ሳህኑን አምስት ቀን የሚታገሥ።

ሁለተኛው ጣጣ ምርመራው ነው። የደም ምርመራ ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ በየክሊኒኩ አለ። ግን በደም ውስጥ የሚታየው ባክቴሪያው ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው ያመረተው መከላከያ ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ይቆያል። የዳነ ሰው ተመርምሮ «አሁንም አለብህ» ይባልና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ይታከማል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ተብዬ ነበር፤ የሰገራ ምርመራ አድርጌ ነው የተገላገልኩ። የሰገራው ምርመራ መድኃኒቱ ካለቀ አራት ሳምንት ሲሆነው፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ሁለት ሳምንት ከቆመ በኋላ ቢደረግ እውነቱን ይናገራል።

የቀረው አወሳሰዱ ነው፤ ዲማ ላይ ጥናቶቹ የማይቆጥሩት ነገር የሚገባው እዚህ ነው። ሦስትነቱ በ14 ቀን ሲሰላ ኦሜፕራዞል 28፣ ክላሪትሮማይሲን 28፣ ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን 56፣ በጠቅላላ 112 እንክብል ነው፤ ጧትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። አራትነቱ በአውሮፓ በአንድ ላይ ታሽጎ በሚሸጥበት መልኩ እንኳ በቀን አራት ጊዜ፣ በቀን 14 እንክብል ነው። አሁን ጾሙን አስቡት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ሰው የጧቱን መድኃኒት በዘጠኝ፣ የማታውን በሦስት ሰዓት ይወስደዋል። 12 ሰዓቱ ስድስት ሆነ። አራት ጊዜ የሚወሰደውማ ከቶ አይገባም። ንስሐ አባት ለታመመ ልጃቸው ጾሙን ያቀልላሉ፤ ግን ማኅሌት የሚቆም መሪጌታ ወይም ቅዳሴ የሚገባ ዲያቆን ራሱን ታማሚ ብሎ መቁጠር ይከብደዋል። ጨጓራ በሽታ አይደለማ፤ ሁሉም ሰው አለው።

ጾሙ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር ከተወሰደ ይታሰራል፤ በጾም ወተት የለም። ሲፈሰክ ደግሞ ሌላ ይመጣል፦ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው አልኮል አይጠጣ ይባላል፣ ዝክሩና ማኅበሩ ግን ያለ ጠላ አይሆንም፤ እንግዳ ሆኖ ጽዋ መመለስም ነውር ነው። ክላሪትሮማይሲን በበኩሉ አፍን ያመርራል፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ሲለው መድኃኒቱ እየጎዳው ይመስለዋል። የፋርማሲው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ በሁለት ቃል ቢነግረው ብዙ ካርቶን ሳያልቅ አይጣልም ነበር።

ከዲማ ተነሥቶ ቢቸና ወይም ደብረ ማርቆስ የወረደ ሰው ማዘዣውን ለፋርማሲው ይሰጣል። ዋጋው ይነገረዋል። ኪሱን ይዳስሳል፤ ከመቀነቱ የተቋጠረውን ይፈታል፤ ይቆጥራል። ከዚያ የሚጠይቀው በዓለም ላይ ያሉ የጨጓራ መድኃኒት መመሪያዎች ሁሉ መልስ ያልጻፉለትን ነው፦ «ግማሹን ስጠኝ፤ የሰባት ቀኑን። ከተሻለኝ ቀሪውን ገበያ ቀን እወስዳለሁ።»